አውቀዋለሁ የሚል ሰው

ሠረገላው የከተማውን በር አልፎ ወደ ኮረብታው መንገድ ሲታጠፍ ውስጡ ባዶ ነበር። ድሮ ተሳፋሪ ጉልበት ለጉልበት ተገጣጥሞ፣ እየተሳሳቀና እየተሰዳደበ በሚሄድበት መቀመጫ ላይ አንዲት ነፍስ አልነበረችም። በሩን የሚጠብቀው ዘብ ትራሶቹን አንድ በአንድ በሳንጃው ወጋግቶ፣ ከሥር ጎንበስ ብሎ አይቶ፣ የፈረሶቹን የገብስ ከረጢት ሳይቀር አስፈትቶ ነው ያሳለፋቸው። ብቸኛዋ ተሳፋሪ "ውስጥ ብቻዬን ከምታፈን መንገዱን እያየሁ ልሂድ" ብላ ከላይ፣ ከነጂው ጎን ወጥታለች። ሥራዋ ፍራሽ መስፋት ነው፤ ሰፈሩም ፍራሽ ሰፊዋ ይላታል። ዛሬ ግን መርፌዋን አስቀምጣ፣ የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ እንደ ሙሽራ እናት ቀጥ ብላ ተቀምጣለች።

"ትንሽ ፈጠን ብታደርጋቸው፣ ወንድሜ?" አለች።

"እያደረግሁ ነው፣ እትዬ።"

"አውቃለሁ። ዝም ብዬ ነው።"

ነጂው አባ ቀስታ ይባላል። ስሙን ያወጡለት ተሳፋሪዎቹ ናቸው። ዳገት ላይ "ቀስ"፣ ሜዳ ላይ "ቀስ"፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ "ቀስ በሉ ልጆቼ" እያለ ፈረሶቹን ሲለማመጥ የሰማ ሁሉ "ወርጄ በእግሬ ብሄድ ቀድሜህ እገባለሁ" ሳይለው አይወርድም ነበር። እሱም "ሂዳ! ሻንጣህን አደርስልሃለሁ" ይላል። ነጂ ከሆነ ጀምሮ አንድም ቀን ሠረገላ አልገለበጠም፣ አንድም ፈረስ በአለንጋ አላቆሰለም። ዛሬ ግን ዳማና ቦራ የሚባሉት ሁለቱ ፈረሶቹ ጌታቸው ምን እንደነካው ግራ ገብቷቸው ጆሯቸውን ወደ ኋላ እየቀሰሩ ይሮጣሉ። ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከወንዙ ማዶ ካለው የእስር ቤቱ ግምብ ላይ ባንዲራው ሳይወርድ መድረስ አለባቸው። ከወረደ የፍራሽ ሰፊዋ ልጅ አለቀለት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ማለዳ የሠረገላ መናኸሪያው ውስጥ፣ ሰው ሻንጣውን እያስጫነ ሳለ፣ በባሩድ የተሞላ ሣጥን ፈነዳ። ሣጥኑ የተጫነው ቀዩ የሚባለው ነጂ ሠረገላ ላይ ነበር። ቀዩና አባ ቀስታ የልብ ወዳጆች ነበሩ። ሥራውን አብረው ጀመሩ፣ አብረው ሸበቱ፤ ጎን ለጎን ቆመው ተሳፋሪ ሲነጣጠቁ ላያቸው ግን የደም ጠላቶች ይመስሉ ነበር። ነፍሱን ይማረውና፣ ከቀዩ የተገኘው አለንጋው ብቻ ነው። ከእሱ ጋር ስንት ሰው እንደሞተ አገረ ገዥው በነጋሪት አስነገረ፤ ሰፈሩ ግን የቆጠረው በየቤቱ ባዶ የቀሩትን ወንበሮች ነው። ያደረገው ማን እንደሆነ በእርግጠኝነት የሚያውቅ አልነበረም። በየግድግዳው ወረቀት እየለጠፉ፣ አገረ ገዥው ከወንበሩ ካልወረደ ከተማዋ እንቅልፍ አታገኝም የሚሉ ሰዎች ነበሩ። ሕዝቡ ስማቸውን መጥራት ስለሚፈራ "እነዚያ" ይላቸዋል።

እንቅልፉስ እውነትም ጠፋ። ቆርቆሮ ቀጥቃጩ መዶሻ ባነሳ ቁጥር ሴቶች እየጮኹ ከቤት ስለሚወጡ ሱቁን ዘጋ። ትምህርት ቤቱ ደወል መምታት ተወ፤ ልጆቹ ሲሰሙት ጠረጴዛ ሥር ይገባሉና መምህሩ በር ላይ ቆሞ በእጁ ይጠራቸው ጀመር። አመሻሽ ላይ ወንበር ደጃፍ አውጥቶ ማውጋት፣ ሰው ማማት፣ የጎረቤት ልጅ መቆጣት ሁሉ ቀረ። ከሁሉ የከፋው የሰው ዓይን ነው። ወዳጅህ ሰላም ሲልህ ፊትህን ትቶ እጅህን ያያል፣ ከእጅህም የያዝከውን።

አባ ቀስታ ከሌላው አልተሻለም፤ እንዲያውም ብሶበታል። ቤቱ ውስጥ እንኳ ጀርባውን ለግድግዳ ካልሰጠ አይቀመጥም። ዓይኑን ከድኖ ከማደር ተነስቶ ሠረገላው ሥር መፈተሽ ይቀለዋል፤ ባለቤቱ "አንተ ሰው፣ ፈረሶቹ እንኳ ተኝተዋል እኮ" ስትለው "የበሩን መቀርቀሪያ ልይ ብዬ ነው" ይላታል። እሷም መቀርቀሪያውን አላመነችም፣ እሱንም አልጨቀጨቀችውም።

ከዚያ እስሩ መጣ። ወታደሮች በየሰፈሩ እየዞሩ ጎልማሶችን ለቀሙ፤ መናኸሪያው አካባቢ የሚሠራ ወንድ ሁሉ ተጠርጣሪ ሆነ። ከተያዙት አንዱ የፍራሽ ሰፊዋ ልጅ፣ መናኸሪያው በር ላይ የኮርቻና የልጓም ስፌት ቤት ያለው፣ ከመቅጠኑና ከመሣሪያው የተነሳ ወስፌ እየተባለ የሚጠራው ነው። እስር ቤቱ ሲጣበብ አገረ ገዥው አዋጅ አወጣ። ከእስረኛው ጋር በአንድ ሰፈር የኖረ፣ ስሙ ያልጎደፈ አንድ ሰው ሻምበሉ ፊት ቀርቦ "አውቀዋለሁ" ካለና በአንገቱ ዋስ ከሆነ እስረኛው ይለቀቃል። ዋስ ያጣ ደግሞ በጀልባ ተጭኖ ድንጋይ ሊፈልጥ ወደ ድንጋይ ካባው ይሄዳል። ከድንጋይ ካባው ተመልሶ የመጣ ሰው ሰፈሩ አያውቅም። የዘመድ ዋስትና አይሠራም፤ እናት ስትሆን ደግሞ ጭራሽ። የመጨረሻው ቀን ዛሬ ነው።

እናቲቱ ያላንኳኳችው በር አልነበረም። ፀጉር አስተካካዩ "እኔ የማውቀው ፀጉሩን ነው እትዬ፣ ከፀጉሩ ሥር ያለውን በምን አውቃለሁ?" አላት። መምህሩ መነጽሩን እየወለወለ "ፊደል አስተምሬዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ምን እንዳነበበ አልጠየቅሁትም" አለ። ዳቦ ጋጋሪዋ ደግሞ በሩን ሳትከፍት "የሉም!" ብላ ጮኸች፤ ራሷ ናት እንግዲህ የሌለችው። በመጨረሻ የአባ ቀስታን በር አንኳኳች። እሱ ገና ከወንበሩ ሳይነሳ ባለቤቱ ከጓዳ ብቅ ብላ "ይሄዳል! እንዴት አይሄድም? ልጁ እኮ እዚህ ወለል ላይ ነው ድክ ድክ ያለው" አለች። አባ ቀስታም ራሱን ነቀነቀ። እሺ ያለው እሱ ይሁን ባለቤቱ እስካሁን በውል አልገባውም።

ኮረብታው አጋማሽ ላይ አንድ ሰው ከመንገዱ ዳር ቆሞ እጁን አነሳ። በደህናው ጊዜ ቢሆን አባ ቀስታ መንገደኛ አልፎ አያውቅም፤ ሠረገላው ሞልቶ እንኳ ጣሪያው ላይ ያወጣ ነበር። ሰውዬው በብብቱ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። አባ ቀስታ አለንጋውን መዘዘና ዳማን ሸነቆጠው። ሠረገላው አቧራውን ሰውዬው ላይ አራግፎ አለፈ።

ፍራሽ ሰፊዋ ዞር ብላ አየች።

"ባለ ወፍጮው እኮ ነው!"

"አይቼዋለሁ።"

"ታዲያ ምነው?"

"ነገር ይዟል።"

"ባለ ወፍጮ ምን ይይዛል? ዱቄት ነዋ!"

አባ ቀስታ ልጓሙን ጠበቅ አደረገ። ባለ ወፍጮው ከኋላ የሚያሳድድ ስድብ ሲሰድ ይሰማዋል፤ ስድቡ ደግሞ ልክ ነበር። ፈረሱን መምታቱ አሳፈረው፣ ሰውየውን ማለፉ አሳፈረው፣ ማለፉ ደግሞ ደረቱን ቀለል ስላደረገለት ከሁሉም ይልቅ በዚህ አፈረ። ፍራሽ ሰፊዋ ትንሽ አስባ "እውነትህን ነው፣ ዘንድሮ ምን ይታወቃል" አለች። እሱን ላለማሳፈር ብላ እንደሆነ ከድምፅዋ ያስታውቅ ነበር።

አባ ቀስታ በሆዱ የያዘው ነገር ነበር። ለባለቤቱ አልነገረም፤ ለፈጣሪም ቢሆን አፍ አውጥቶ አልተናገረውም። ፍንዳታው በደረሰበት ማለዳ እንደ ወትሮው ሠረገላውን ከቀዩ ጎን፣ ውሃ ገንዳው አጠገብ አቁሞ ፊቱን ሊታጠብ ሄደ። ሲመለስ ሠረገላው በቦታው የለም። ዙሪያውን ሲያማትር ወስፌ ፈረሶቹን ነድቶ ግቢው ጫፍ፣ ከወፍራሙ የድንጋይ ግንብ ጀርባ አቁሟቸው፣ ሠረገላው ቁልቁለት ላይ እንዳይሮጥ የሚይዘውን ሰፊ ጠፍር አውልቆ በአዲስ ሲቀይር አገኘው።

"ማን ንካ አለህ?" ብሎ ደነፋበት። "ቦታዬን ሰው ወሰደብኝ እኮ!"

"ብጠይቅህ 'ነገ' ትለኛለህ፣ ጋሼ። ሁልጊዜ ነገ ነው የምትለው።"

አባ ቀስታ ሊመልስለት አፉን ሲከፍት ሰማይና ምድሩ ተደባለቀ። ግንቡ ባይኖር ኖሮ ሁለቱም አይተርፉም ነበር። የዚያን ሳምንት የወስፌን አንገት አቅፎ እንደ ሕፃን አልቅሷል፤ "ነፍሴን ያተረፍክ ልጄ" ብሎ ሰው ፊት መርቆታል። ከዚያ ግን አንድ ቀን፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎት ጣሪያ ጣሪያ ሲያይ፣ አንዲት ሐሳብ መጣችበት። ለምን ያን ዕለት? ጠፍሩ ሳምንቱን ሙሉ እዚያው ነበር። ለምን ከቀዩ አጠገብ? ለምን ግንቡ ጀርባ? ሐሳቧን አባረራት፤ በነጋታው ተመልሳ መጣች። ሲበላ አብራው በላች፣ ሲተኛ አብራው ተኛች። ወስፌ ሲታሰር ሰፈሩ ደነገጠ፤ አባ ቀስታ ግን "ጉድ ነው" ብሎ ከንፈሩን ሲመጥ ልቡ "አላልኩህም?" ትለው ነበር።

ኮረብታው አናት ላይ ሲደርሱ ሠረገላውን አቆመ። ከዚህ እስከ ድልድዩ ያለው ቁልቁለት የነጂዎች ሁሉ መከራ ነው፤ ጠፍሩን ሳያይ የሚወርድ የለም። ወርዶ ጠፍሩን በመዳፉ ዳበሰው። ስፌቱ ጥቅጥቅ ያለ፣ እኩል የተራመደ፣ ጫፉ በሰም የታሸ ነው። ከከተማው ሁሉ እንዲህ የሚሰፋ እጅ አንድ ብቻ ነው።

ፍራሽ ሰፊዋ ከላይ ሆና አየችው።

"በፍንዳታው ዋዜማ ልጄ እሱን ጠፍር ሲሰፋ ነው ያመሸው" አለች። "መብራት አጥፋ ብዬ ብጨቀጭቀው፣ 'እማዬ፣ ጋሼ ሲነግሩት አይሰማም፤ ነገ ሳልጠይቀው ፈረሶቹን ወስጄ እቀይርለታለሁ፤ ቁልቁለቱ ላይ ቢበጠስበት ምን ይውጠኛል?' አለኝ። እኔ ደግሞ ሞኟ ተቆጣሁት። ለራስህ ጫማ እንኳ የለህም፣ የሰው ጠፍር ትሰፋለህ አልኩት።" ሳቀችና ሳቋ መሃል ላይ ተሰበረ። "ምነው ባልተቆጣሁት።"

የድሮው አባ ቀስታ ቢሆን ይህን ሰምቶ እዚያው አፈሩ ላይ ቁጭ ብሎ ባለቀሰ። መልሱ እኮ ይኸው፣ ሳይጠይቅ እጁ ላይ ተቀመጠለት። ለምን ያን ዕለት? ስፌቱ ያለቀው ማታ ስለሆነ። ነገር ግን ያን ጊዜ ወደ ሐሳቡ የመጣው ሌላ ነበር። ለምን አሁን ነገረችኝ? ማን ጠየቃት? ግምቡ ጋ ከመድረሳችን በፊት እንድትነግረኝ ማን አስጠናት? ይህን አስቦ ራሱን ተጠየፈ። ሃያ ስድስት ዓመት ግድግዳ ለግድግዳ ተጠጋግተው ኖረዋል፤ ባለቤቱ ታማ በተኛችበት ወራት ቤቱን የያዘችለት ይህች ሴት ናት። ተጠየፈ፤ ሐሳቡ ግን ንቅንቅ አላለም።

ከመቀመጫው ሥር ካለው የዕቃ ሣጥን አሮጌውን ጠፍር አወጣ። እንዳይጣል እዚያ የወሸቀው ራሱ ነው። ጎንበስ ብሎ፣ እሷ እንዳታየው በጀርባው ከልሎ መረመረው። አልተበጠሰም። ደግሞ ደህና ነው የሚባልም አይደለም፤ አንድ ጎኑ ሳስቷል፣ የመርፌው ቀዳዳዎች ሰፍተዋል። ሰነፍ ሠራተኛ ገና ወር ያስኬደዋል፤ ጠንቃቃ ሠራተኛ ዛሬውኑ ይቀይረዋል። ወስፌ ደግሞ ጠንቃቃ መሆኑን ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነበር። እሱ ግን አገላብጦ አገላብጦ አየው፤ ጠፍሩ አፍ አውጥቶ እንዲምልለት የጠበቀ ይመስል።

"ምን ፈለግህ?" አለች።

"ምንም። ቅባት።"

ቁልቁለቱን ጠፍሩ ያዘ። ከድልድዩ ወዲያ ግምቡ በጭጋግ ውስጥ ታየ፤ ባንዲራውም ገና እላይ ነበር። ፍራሽ ሰፊዋ ባንዲራውን ስታይ የአባ ቀስታን ክንድ ጨብጣ "ደረስን! ደረስን!" አለች።

ግቢው ውስጥ አንድ ሃምሳ አለቃ ተቀበላቸው። እናቲቱን ከበሩ ውጭ ያለ አግዳሚ ላይ አስቀምጦ፣ አባ ቀስታን ኪሱን፣ ኮፍያውን፣ የጫማውን ሶል ሳይቀር ፈትሾ ወደ ሻምበሉ ክፍል አስገባው። ክፍሉ ጠባብ ነው። ግድግዳው ላይ ጎራዴ ተሰቅሏል፣ ጠረጴዛው ላይ የቀለም ጠርሙስ፣ የማኅተም ሰምና ጭሱ መስታወቱን ያጠቆረው ፋኖስ አለ። ሻምበሉ ጠረጴዛውን ከመስኮቱ አርቆ ጥጉ ላይ አስጠግቶታል፤ በቀን ፋኖስ የሚያበራውም ለዚሁ ነው። ዓይኖቹ ሥር እንደ ተመታ ሰው ጠቁረዋል።

አባ ቀስታ ኮፍያውን ይዞ እጅ ነሣ። "ጌታዬ ሻምበል፣ ለኮርቻ ሰፊው ዋስ ልሆን..."

"እግዜር ይስጥህ" አለ ሻምበሉ፣ ከልቡ። "በዚህ ሳምንት እናት ብቻ ነው የማየው። ያለቅሳሉ፣ ይሄዳሉ። ዋስ ሆኖ የመጣ አንተ የመጀመሪያው ነህ።" ብዕሩን ቀለም ነከረ። "ልጁ ላይ እኔም ምንም አላገኘሁበትም። መናኸሪያው በር ላይ ይሠራል፤ በቃ፣ ይኸው ነው። አንድ ቃል ትላለህ፣ ጣትህን ታትማለህ፣ ይዘኸው ትሄዳለህ። ነገ ከነገ ወዲያ አንድ ነገር ቢያደርግ ግን አንገትህን እቆርጣለሁ። እኔ ባልፈልግም ያስቆርጡኛል። ገባህ?"

"ገብቶኛል፣ ጌታዬ።"

"አምጡት!"

ወስፌን አመጡት። ከድሮውም ቀጭን የነበረው አሁን አጥንቱ ብቻ ቀርቷል፤ ጢሙ አድጓል፣ አንዱ ዓይኑ ደም ለብሷል። አባ ቀስታን ሲያይ ግን ፊቱ ሁሉ በራ።

"ጋሼ! ጠፍሩ እንዴት ነው? ቁልቁለቱን ያዘ?"

"ያዘ" አለ አባ ቀስታ። ሲናገር ግን ልጁን ፊት ለፊት አላየውም። ዓይኑ ሳያዝዘው ወደ ልጁ እጅ ወረደ። እጁ ባዶ ነው፤ በካቴና የታሰረ፣ መርፌ የወጋው ጠባሳ ያለበት የኮርቻ ሰፊ እጅ ነው። ይህ እጅ ትንሽ ሳለ ልጓም እንዴት እንደሚያዝ ያሳየው ራሱ አባ ቀስታ ነው። አሁን ግን ያንኑ እጅ ሲያየው የውሃ ገንዳው አጠገብ ወድቆ የነበረው የቀዩ አለንጋ ታየው።

"ታውቀዋለህ?" አለ ሻምበሉ።

"ከተወለደ ጀምሮ።"

"እሱን ጎረቤት መሆናችሁ ይነግረኛል። አዋጁ የሚፈልገው አንዲት ቃል ነው። ታውቀዋለህ?"

"አውቀው ነበር" አለ።

ሻምበሉ ብዕሩን ከወረቀቱ ላይ አነሳ። "ነበር?"

"ድሮ፣ ጌታዬ። አሁን..." ኮፍያውን እጁ ውስጥ ጨምቆ ያዘው። "አሁን ማንንም አላውቅም።"

ሻምበሉ ወደ መስኮቱ አየ። "ባንዲራው ገና አልወረደም። ወጣ ብለህ ንፋስ ተቀብለህ ተመለስ" አለው። አባ ቀስታ አልተንቀሳቀሰም። አፉን መክፈት ፈልጎ ነበር፤ ይህን ማንም ባይመሰክርለት እኔ እመሰክርለታለሁ። ቃሏ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበረች፤ አንዲት ቃል። መንጋጋው ግን እንደ ዛገ ቁልፍ እምቢ አለው።

"አልፈርድብህም" አለ ሻምበሉ ብዕሩን እየጠረገ። "እኔም ሚስቴ ቀድማ ሳትቀምስ ምግቤን አልነካም። ሃያ ዓመት አብራኝ የኖረች ሴት!" ብሎ ወደ ሃምሳ አለቃው በአገጩ ጠቆመ።

ወስፌ አልጮኸም፣ አልለመነም። መጀመሪያ የሰማው ያልገባው ይመስል አባ ቀስታን ትክ ብሎ አየው፤ ሲገባው ደግሞ አንገቱን ደፋ። ሃምሳ አለቃው ክንዱን ይዞ ሲያዞረው ቆም አለ።

"ጋሼ፣ እናቴ ውጭ ናት?"

"አዎ።"

"ይህን እንዳትነግራት። ሻምበሉ ነው እምቢ ያለው በላት።" ድምፁ ዝቅ አለ። "ሰፈር ውስጥ ሁሉም ከድቷታል፤ የቀረሃት አንተ ነህ። የምታምነው አንድ ሰው እንኳ ይኑራት። አደራ፣ ጋሼ።"

ሻምበሉ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

አባ ቀስታ ሲወጣ ፍራሽ ሰፊዋ ከአግዳሚው ተነስታ ቆመች። በሩ ከኋላው ሲዘጋ አየች፤ ከኋላው የሚመጣ ሰው እንደሌለም አየች።

"የታለ?"

"እምቢ አሉ፣ እትዬ።"

"እንዴት እምቢ ይላሉ? አዋጅ እኮ ነው! አውቀዋለሁ አላልካቸውም?"

"አልኳቸው" አለ አባ ቀስታ።

እሷ የግቢው የድንጋይ ንጣፍ ላይ ዘፍ አለች። አላለቀሰችም፤ ድንጋዩን በመዳፏ እየደጋገመች መታችው። እሱ አጠገቧ ቆሞ ኮፍያውን ያሻሻል። ከላይ አንድ ወታደር ገመዱን ፈታና ባንዲራውን አውርዶ አጣጠፈ።

ሲመለሱ አባ ቀስታ ፈረሶቹን አላጣደፈም። እሷም ፈጠን በል አላለችው። ዳገቱን ሲያገባድዱ ልቅሶዋ መጣ፤ አልቅሳ ሲወጣላት ፊቷን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችና ወደ እሱ ዞረች።

"አይዞህ" አለችው። "በራስህ ላይ አትፍረድ። አንተ የምትችለውን አድርገሃል። ያንተን ቃል ካልሰሙ የማንን ሊሰሙ ነው?"

"ተይው እትዬ።"

"አልተወውም! ልጄ ሲሄድ ቢያንስ አንድ ሰው አውቀዋለሁ እንዳለለት ሰምቷል። እሱስ ሰማህ?"

"ሰምቷል።"

"ምን አለ?"

አባ ቀስታ "አንቺን አደራ አለ" አለ። ከግምቡ ወጥቶ ከተናገረው ሁሉ እውነቱ ይህ ብቻ ነበር።

ሰፈር ሲደርሱ መሽቷል፤ በጨረቃዋ ግን ዓይን ለዓይን ይተያያል። ሠረገላው ሲቆም መጋረጃዎች ተነቃነቁ፤ እንደ ወትሮው ግን የወጣ የለም። ያኔ ፍራሽ ሰፊዋ ከላይ እንደተቀመጠች ድምጿን ከፍ አደረገች።

"ውጡ እንጂ! ምን ትደበቃላችሁ? ልጄ አልተፈታም፤ ደስ ይበላችሁ! ግን ይህን ሰው እዩት። አንገቱን ሊሰጥለት ሄዶ ሻምበሉ ፊት ቆሞ አውቀዋለሁ ብሏል። ከእናንተ ሁሉ መሃል ሰው እሱ ነው!"

መጀመሪያ የወጣው ፀጉር አስተካካዩ ነው። ከዚያ መምህሩ መነጽሩን ሳያደርግ ወጣ፤ ዳቦ ጋጋሪዋ ደጃፏ ላይ ቆማ አፏን በመዳፏ ያዘች። አንድ በአንድ እየመጡ የአባ ቀስታን እጅ ጨበጡ። ከፍንዳታው ወዲህ ሰው የጨበጠውን እጅ ሳይሆን ፊቱን ሲያይ ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር። "አሳፈርከን" አለው መምህሩ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። "ሰው ተስፋ አለው ማለት ነው።" ባለቤቱም መጥታ ደረቱ ላይ ተለጠፈችና "እኔ መች አጣሁት" አለች። አባ ቀስታ የሁሉንም እጅ ጨበጠ። መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠው ደስ ባለው ነበር፤ መሬቱ ግን ዝም ብሎ ተሸከመው።

ሰዉ ሲበተን ፈረሶቹን ሊፈታ ዞረ። ፍራሽ ሰፊዋ ቤቷ ገብታ ጥቂት ቆይታ ትንሽ ጥቅልል ተሸክማ ወጣች። በሯን ቆለፈችና ወደ እሱ መጣች።

"ነገ ጀልባው ሲሄድ እኔም በወንዙ ዳር እከተለዋለሁ" አለች። "ድንጋይ ካባው አጠገብ ፍራሽ የሚያሰፋ ባይኖር ልብስ የሚያሳጥብ አይጠፋም። ዛሬ እታች መንደር አድራለሁ።"

"እኔ ላድርስሽ፣ እትዬ..."

"ፈረሶችህ ደክመዋል። ይልቅ ቤቴን ጠብቅልኝ። መሣሪያዎቹ አሉ፣ የጀመራቸው ሥራዎች አሉ፤ ሲመለስ በቦታቸው ያግኛቸው። ለሌላ ሰው አልሰጥም። ሌላ የማምነው የለኝም።"

ቁልፉን ዘረጋችለት። እሱ ሳይቀበላት ሲቀር እጁን ይዛ ከፈተችው፤ ቁልፉን ራሷ መዳፉ ውስጥ አስቀመጠችና ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈችለት።